አስፋልት የማይነካ ጎማ

በየዓመቱ ጥር ወር ላይ በፍሎሪዳዋ ኪሲሚና በአሪዞናዋ ስኮትስዴል የአሮጌ መኪና ጨረታ ይደራል። አጫራቹ ትንፋሽ ሳይወስድ ቁጥር ያዥጎደጉዳል፤ ረዳቶቹ በተጫራቾች መሀል እየተሯሯጡ ይጮኻሉ፤ መድረኩ ላይ ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሞላቸው የአሜሪካ መስል ካሮች፣ ትልቅ ሞተር የተተከለባቸው ፈጣን መኪኖች፣ በየተራ ይወጣሉ። ከመሀላቸው በራሳቸው ሞተር ሳይሆን በሰው እጅ ተገፍተው የሚወጡ አሉ። 425 የፈረስ ጉልበት አለው እየተባለ ለጨረታ የሚቀርብ መኪና በጎልማሶች ትከሻ እየተገፋ መብራት ውስጥ ሲገባ አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔን ያስቀኛል።

ሳቄ በሰዎቹ ላይ አይደለም፤ በእምነታቸው ላይ ነው። እምነቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ መስል ካር የሚከበረው ከፋብሪካ እንደወጣ ሲቀመጥ ነው። ሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ዋጋው ግማሽ ይሆናል። ቀለሙ ከተቀየረ ጉድ ፈላ። ከተነዳማ እያንዳንዱ ማይል ከካፒታሉ ላይ ይቀነሳል። ሰውየውም የመኪናው ባለቤት መሆኑ ቀርቶ ለመጪው ትውልድ የሚጠብቅለት ባለአደራ ነኝ ይላል። ይህ አስተሳሰብ ከጨረታ አዳራሽ ተነስቶ መጽሔቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የመኪና ማኅበራቱን ሁሉ ወርሷል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የቅዳሜ ጠዋት ትርኢቶች ላይ ሳይቀር በገመድ የታጠረ፣ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ የተሰቀለበት፣ በተሳቢ ተጭኖ መጥቶ በተሳቢ ተጭኖ የሚሄድ መኪና ታያላችሁ። ክርክሬ ይህ አያያዝ ሁሉንም ነገር ጠብቆ መኪናውን ራሱን ያጠፋዋል የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጅምሩ እንነሳ። በ1963 መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ ክፍሎቹ በሙሉ ከመኪና እሽቅድምድም እንዲወጡ አዘዘ። ከክፍሎቹ አንዱ የሆነው ፖንቲያክ ገበያውን ያገኘው በእሽቅድምድም ስም ስለነበር ትእዛዙ ጉሮሮው ላይ ቆመበት። ዋና መሐንዲሱ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ መላ ዘየዱ። የትልልቆቹን ፖንቲያኮች 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር አንስተው መካከለኛው ቴምፐስት ውስጥ ከተቱት። የውጭ ልኩ ከቴምፐስቱ ሞተር ጋር አንድ ስለነበረ መግጠሙ አላስቸገረም። ያስቸገረው የኩባንያው ደንብ ነው፤ መካከለኛ መኪና ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር ክልክል ነበር። ሰዎቹ ደግሞ ደንቡ የሚከለክለው አዲስ ሞዴልን እንጂ ገዢው ፈልጎ የሚያስጨምረውን ዕቃ አይደለም ብለው ጂቲኦ ያሉትን መኪና 300 ዶላር በማይሞላ የተጨማሪ ዕቃ ዝርዝር ስም በጓሮ በር አስገቡት። ስሙን እንኳ ያለምንም ይሉኝታ ከፌራሪ ወሰዱት። የሽያጩ ኃላፊ 5 ሺ ብቻ ይመረት ብሎ ነበር፤ በ1964 ሞዴል የተሸጠው 32,450 ሆነ።

የመስል ካር ትውልድ የሚቆጠረው ከዚህ ነው ከተባለ እንግዲህ አያቱ ሞተሩ የተቀየረለት መኪና ነው ማለት ነው። ደንብ በማክበር አልተወለደም።

ይህም አልበቃም። በመጋቢት 1964 ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው መጽሔት ፖንቲያክ ጂቲኦን ከፌራሪ ጂቲኦ ጋር አወዳድሮ ሽፋኑ ላይ አወጣው። ፖንቲያኩ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል የደረሰው በ4.6 ሰከንድ ነው ተብሎ ተጻፈ። ያ ጽሑፍ የመኪናውን ስም ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ፤ ዛሬም የጂቲኦ አፍቃሪ ሲከራከር ይጠቅሰዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን የፖንቲያክን ማስታወቂያ ይመራ የነበረው ጂም ዋንገርስ እውነቱን አወጣ፦ ለመጽሔቱ የተሰጠው መኪና ኮፈን ሥር የነበረው 389 ሳይሆን ተለቅ ያለው 421 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ነበር። ሮያል ፖንቲያክ የሚባለው የሮያል ኦክ ከተማ ሻጭ ነው አዘጋጅቶ የሰጠው። ያ መኪና ዛሬ ቢገኝና ማንነቱ ሳይነገር ለትርኢት ዳኞች ቢቀርብ ኮፈኑ በተከፈተ በደቂቃው ይባረራል፤ ቁጥሩ አይገጥምማ! የዘመኑን ዝና የፈጠረው መኪና የዘመኑን ዝና እንጠብቃለን በሚሉት ሰዎች ሚዛን ሐሰተኛ ነው።

ሮያል ፖንቲያክ ብቻውን አልነበረም። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በካነንስበርግ ዶን የንኮ የሚባል ሻጭና እሽቅድምድመኛ በ1967 አዲስ ካማሮ ከፋብሪካ ተቀብሎ ሞተሩን አውጥቶ 427 ኪዩቢክ ኢንቹን እየተከለ ይሸጥ ነበር። ቺካጎ ውስጥ ኒኪ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ባልድዊን ሞሽን የሚባሉት ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። በየሰፈሩ የነበረውን ወጣት ማን ይቆጥረዋል? ዓርብ ደመወዙን ተቀብሎ ቅዳሜ ካርቡራተር ይቀይራል፤ ቅዳሜ ማታ ዲትሮይት ውስጥ በዉድዋርድ ጎዳና ላይ ከመብራት እስከ መብራት ይወዳደራል፤ እሁድ የተቃጠለውን ፍሪሲዮን ያወርዳል። ማርሚታው ተቆርጦ ተጥሏል፤ የኋላ ጎማው ሰፍቷል፤ መሪው የሌላ መኪና ነው። ፋብሪካ የሰጠውን ሳይነካ የተወ ሰው የነበረ እንደሆነ ወይ አያቱ ገዝተውለታል፣ ወይ መኪናው የእህቱ ነው።

ደግሞስ ለማን ነበር የተሠራው? በ1968 የወጣውን ፕሊመዝ ሮድ ራነር ውሰዱ። መነሻ ዋጋው 2,896 ዶላር ነበር። መሐንዲሶቹ ወጣት ሠራተኛ የሚገዛው ፈጣን መኪና እንሥራ ብለው ከውስጡ ያልራገፉት የለም። ምንጣፉ ወጥቶ ላስቲክ ተነጠፈበት። የፊት ወንበሩ እንደ ታክሲ ወንበር ቀጥ ያለ አንድ ወጥ መቀመጫ ነው። የተረፈውን ገንዘብ 383 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ ጠንካራ ማርሽና ጥሩ ስፕሪንግ ላይ አዋሉት። ከዚያ ለዋርነር ብራዘርስ 50 ሺ ዶላር ከፍለው የካርቱኑን ወፍ ስምና ምስል ተከራዩ፤ ክላክሱንም እንደ ወፏ «ቢፕ ቢፕ» እንዲል አድርገው ሠሩት። የመኪና ኩባንያ መሐንዲስ በደመወዝ ተቀምጦ የካርቱን ድምፅ ሲለማመድ አስቡት። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 45 ሺ ገደማ ተሸጠ። ይህ ቀልደኛ፣ ርካሽ፣ ጯሂ መኪና ነው እንግዲህ ዛሬ የሙቀት መጠኑ ቁጥጥር በሚደረግበት ጋራዥ ውስጥ ነጭ የጥጥ ጓንት ለብሰው የሚነኩት።

የገበያው እምነት ከሁሉ በላይ የሚኮራበት ብርቅነት ነው። በ1971 ተጣጣፊ ጣሪያ ኖሯቸው 426 ሄሚ ሞተር የተገጠመላቸው የፕሊመዝ ኩዳ መኪኖች 11 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ በ2014 ሲያትል ውስጥ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ለምን 11 ብቻ ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ ማንም አልፈለጋቸውም ነው። ሄሚውን ማስገጠም ብቻ የመኪናውን መነሻ ዋጋ ሩብ ያህል ያስጨምር ነበር። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ትልቅ ሞተር ለያዘ ወጣት ዓረቦኑን ሰማይ ሰቅለውበት ነበር። መንግሥት የጭስ ሕጉን በ1970 አጥብቋል። ጂቲኦ በ1970 ከ40 ሺ በላይ ተሸጦ በ1972 ወደ 5,807 ወርዷል፤ ልብ በሉ፣ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ የመጣው በጥቅምት 1973 ነው፤ መስል ካርን ነዳጅ ገደለው የሚለው ወግ በዓመታት የዘገየ ነው። እና 11ዱ ኩዳዎች የጥበብ ሥራ ስለሆኑ በጥቂቱ አልተሠሩም። ሻጭ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታቸው የከረሙ መኪኖች ዘመዶች ናቸው።

ሱፐርበርድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ታሪክ አለው። ፕሊመዝ በ1970 ለናስካር ውድድር ሕግ ሲል 1,900 ያህሉን ሠራ። ፊቱ እንደ ሾጣጣ አፍንጫ የወጣ፣ ኋላው ላይ ከጣሪያው በላይ ከፍ ያለ ክንፍ የቆመበት መኪና ነው። በውድድር ሜዳ ነፋስ ሰንጥቆ በረረ፤ በመንደር ውስጥ ግን ሰው ሳቀበት። ያልተሸጠላቸው ነጋዴዎች አፍንጫውን ነቅለው፣ ክንፉን አውርደው፣ ተራ ሮድ ራነር አስመስለው ሸኙት። ዛሬ ያው ክንፍ በቦታው ቆሞ ከተገኘ መኪናው በመቶ ሺዎች ዶላር ይጠራል። ገበያው የንግድ ኪሳራን ወስዶ ቅርስ አደረገው፤ እሺ፣ ያድርገው። ግን ይህን ያህል ዋጋ የሚሰጠው ነገር በጊዜው የነበረ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። በጊዜው የነበረ ሰው የሚያውቀው ሮድ ራነሩን ነው።

አሁን ወደ ትርኢቶቹ መስታወት ልምጣ። ትልልቆቹ ትርኢቶች ላይ ከመኪናው ሥር ወለሉ ላይ መስታወት ይዘረጋል። ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ የመኪናው ሆድ ወለል ብሎ ይታያል። ካምቢዮው ላይ ቢጫ የቀለም ነጥብ፣ የኋላው አክስል ላይ በሰም እርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ ብሎኑ ራስ ላይ አረንጓዴ ጭረት፣ ሻንሲው ጠርዝ ላይ ቀለም ነፊው ሲያልፍ የረጨው ብናኝ። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። ተጠንቶ፣ ከድሮ ፎቶግራፍ ጋር ተመሳክሮ በቅርብ ጊዜ እንደገና የተሳለ ነው። በፋብሪካው መስመር ላይ ብሎኑን ያጠበቀው ሠራተኛ «አጥብቄያለሁ» ለማለት ያደረጋት ምልክት ናት፤ ዛሬ አዳሹ ብሩሽ ይዞ ያንኑ እጅ ያስመስላል። ቀለሙ በችኮላ ተንጠባጥቦ ከነበረ ጠብታውን ሳይቀር ይሠራዋል። ጠብታው የጎደለ ነጥብ ይቀነስበታል።

እኔን የሚያስደንቀኝ የእጁ ምልክት እንዲህ ሲመለክ ባለእጁ አንዴም አለመነሳቱ ነው። የፕሊመዝ ኩዳና የዶጅ ቻሌንጀር መኪኖች አብዛኞቹ የተገጣጠሙት ዲትሮይት በከበባት በሃምትራምክ ከተማ፣ ዶጅ ሜይን በሚባለው ግዙፍ ፋብሪካ ነው። በግንቦት 1968 እዚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበራቸው ሳይፈቅድላቸው ሥራ አቁመው ወጡ። ምክንያቱ መስመሩ እየፈጠነ መሄዱ ነበር፤ በሰዓት የሚያልፈው መኪና ሲጨምር የሰው እጅ አልደርስ አለ። ቅጣቱ ሲመጣ ከሁሉ የከበደው በጥቁር ሠራተኞች ላይ ነበር፤ ጄኔራል ቤከር የሚባለው ሠራተኛ ከተባረሩት አንዱ ነው። ከዚያ ቅጣት ድራም የተባለው የዶጅ አብዮታዊ የሠራተኞች እንቅስቃሴ ተወለደ፤ ኩባንያውንም፣ ጥቁሮችን ወደ ኋላ ገፍቷል ያለውን የሠራተኛ ማኅበሩንም በአንድነት ተጋፈጠ። ዲትሮይት በ1967 ክረምት 43 ሰው የሞተበትን አመፅ ካየች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እንግዲህ መስታወቱ ውስጥ የምታዩት የተንጠባጠበ ቀለም ባለቤት አለው። ቀለም የተንጠባጠበው ሰውየው ስለቸኮለ ነው፤ የቸኮለው መስመሩ ስለፈጠነበት ነው፤ ስለዚህም አድማ መትቷል። አዳሹ ጠብታውን በጥንቃቄ ሲስል ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ለመጀመሪያው ጠብታ ሰከንድ እንኳ አልተፈቀደም ነበር።

ዶጅ ሜይን በ1980 መጀመሪያ ተዘግቶ ፈረሰ። ቦታው ላይ፣ ከአጠገቡ ፖልታውን የሚባለው ሰፈር ጭምር ተጠርጎ፣ ጄኔራል ሞተርስ አዲስ ፋብሪካ ሠራ፤ ዛሬ ፋክተሪ ዜሮ ተብሎ የኤሌክትሪክ ሀመር ይገጣጠምበታል። ለፋብሪካው እንደነበረ ይቆይ ብሎ የገንዘብ ቦርሳውን የከፈተ ሰብሳቢ አልሰማሁም። ከዚያ ፋብሪካ የወጣ የሄሚ ኩዳ ላይ የተሰፋ ወንበር ሽፋን ግን ከየትኛው ጥቅል ጨርቅ እንደተቆረጠ የሚከራከሩ ሰዎች ሞልተዋል።

ተቃዋሚዎቼ የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ። «ሰብሳቢውና ገንዘቡ ባይኖሩ ኖሮ ሁሉም ተቆራርጠው ብረታ ብረት ሆነው ነበር» ይላሉ። ጠንካራው ክርክራቸው ይህ ነው፤ የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን አይደግፋቸውም። መኪኖቹ የመጥፋት አደጋ የነበረባቸው በ1970ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ፣ ነዳጅ ጠጪ አሮጌ መኪና ተብለው በጥቂት መቶ ዶላሮች ሲሸጡ ነው። ያኔ ሰብሳቢው የት ነበር? ያዳኗቸው ከወታደር ቤት የተመለሱ ልጆች፣ የጋራዥ ሠራተኞች፣ ገንዘብ አጥተው ፈጣን መኪና ያማራቸው ተማሪዎች ናቸው። ከአሮጌ መኪና መጣያ በር ፈትተው በር ገጠሙ፣ የሌላውን ሞተር ለሌላው አደረጉ፣ ላሜራ ቆርጠው በየዱ። ዛሬ «ቁጥሩ አይገጥምም» ተብለው የሚናቁት መኪኖች በአብዛኛው እነዚህ የተረፉት ናቸው። ገንዘቡ የመጣው ኋላ ነው፤ የመጣው ገንዘብም እንደመጣ አልቆየም፤ በ2008ቱ ቀውስ ዋጋቸው ሲወርድ «ለመጪው ትውልድ እጠብቃለሁ» ሲል የከረመ ባለአደራ ሁሉ እየተሽቀዳደመ ሸጠ።

ከዚያ ደግሞ ማቆም መጠበቅ ነው የሚለው ነገር ራሱ መካኒክ ፊት የማይቆም ነው። ቤንዚን ቆሞ ሲከርም ወደ ሙጫነት ይሄዳል፤ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ የዊል ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል። የጎማ ማሸጊያዎች ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ ለሁለት ዓመት የቆመ ሞተር ሲነሳ ከአራት ቦታ ዘይት የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። መኪናው የቆመበት ጎማ ከሥሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። አይጥ ደግሞ የሽቦ ሽፋን ትወዳለች። አንድ ጂቲኦ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ በሳምንት አንዴ ቢነዳ ጤነኛ የሚሆነውን ያህል በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ቢቀመጥ አይሆንም።

«እንደ ፋብሪካው» የሚለውስ እውነት ነው እንዴ? እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን በአሜሪካ መንገዶች ላይ ከጥር 1 ቀን 1996 ጀምሮ ተከልክሏል። ድሮ እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫዎቹን ከመበላት ይጠብቃቸው ነበር፤ ስለዚህ ሞተራቸው የታደሰላቸው መኪኖች ብዙዎቹ ቴስታታቸው ተፈትቶ ጠንካራ መቀመጫ ተተክሎላቸዋል። የዚያ ዘመን ሱፐር ቤንዚንም ዛሬ ማደያ ላይ ስለማይገኝ የማቀጣጠያው ጊዜ ዘግየት ተደርጎ ይስተካከላል። እነዚህን ዳኛው አያይም፤ ከውስጥ ናቸውና። ዓይን የማያየው ለውጥ ይፈቀዳል፤ ሕይወት የሚያተርፈው ለውጥ ግን ነጥብ ያስቀንሳል። የ1964ቱ ጂቲኦ አራቱም እግሮቹ ላይ ትንንሽ ድራም ፍሬን ነበረበት፤ አንድ ጊዜ አጥብቆ ካቆመ በኋላ ሁለተኛውን ለማቆም ልብ ያስፈልጋል። ዘይቱን የሚያከፋፍለውም አንድ ክፍል ብቻ ነበረው፤ አንዱ ቱቦ ከተቀደደ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። የትከሻ ቀበቶ ከፋብሪካ ሲወጣ አልነበረውም። በ1972 በአሜሪካ መንገዶች ከ54 ሺ በላይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ዲስክ ፍሬን ይግጠም፣ ዘመናዊ ራዲያል ጎማ ይልበስ፣ ቀበቶ ይታሰርበት። የድሮውን ጎማ ምስል ተከትሎ የተሠራ አዲስ ጎማ ገዝቶ ለፎቶግራፍ የሚያቆም ሰው የጎማውን ጽሑፍ እንጂ መኪናውን አልወደደም። አየሩን ይበክላል ለሚለኝ ደግሞ አዎ፣ ማይል ለማይል ከዛሬው መኪና የከፋ ነው፤ እሁድ እሁድ የሚወጡ ጥቂት አሮጌ መኪኖች ግን የከተማ ጭስ ምንጭ አይደሉም።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህ ሁሉ ክርክር ሊያስገርመው ይችላል። እኛ አገር ቮልስ ዋገን ቢትልና ላዳ ዕድሜ ያገኙት ስለተነዱ ነው። መካኒኩ የሌላ መኪና ዕቃ ሞርዶ ይገጥምላቸዋል፤ ቀለማቸው ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል፤ አንድም ሰው የሞተር ቁጥር ስለማይመሳሰል መኪናው ሐሰተኛ ነው ብሎ አያውቅም፤ ቢበዛ የሚጨቀጭቀው መንገድ ትራንስፖርት ነው። ድህነትን ላወድስ አይደለም። ግን መኪና እየኖረ የሚያረጅበት አንድ መንገድ ይኸ ነው፤ የዲትሮይት ወጣቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከሁሉ የሚያናድደኝን ልናገር፤ እርሱም የትዝታው መበላሸት ነው። የመስል ካር ትዝታ ያላቸው አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ጋ ስትቀመጡ ወሬው መልካም ይጀምራል። ሚስቱን ያገኘበት ምሽት፣ ወንድሙ ወደ ቬትናም ሲሄድ ቁልፉን የሰጠው ቀን፣ በበረዶ ወራት ማሞቂያው እንቢ ብሎ በብርድ ልብስ የነዱት መንገድ። ከዚያ አንዱ አፉን ይከፍትና «በ1973 በ900 ዶላር ሸጥኩት፤ ዛሬ ቢኖር ስንት ያወጣ ነበር መሰላችሁ!» ይላል። ሁሉም እየተቀባበለ ይቆጫል። ያ ሰው መኪናውን የሸጠው ልጅ ስለተወለደ ነው፤ ወይም ኢንሹራንሱ ስለከበደው፤ ወይም የፋብሪካው ፈረቃ ሲቀነስ የቤት ኪራይ ስለደረሰበት። ትክክለኛ ውሳኔ ወስኗል። ሊያፍርበት ቀርቶ ሊኮራበት የሚገባ ነገር ነው። የጨረታው ገበያ ግን ከቴሌቪዥን ውስጥ ሆኖ ወጣትነቱን ያመለጠ ትርፍ አድርጎ ተረጎመለት። ጣፋጭ ትዝታ የነበረው ሰው አሁን ኪሳራ የሚቆጥር ሰው ሆነ። ይህ የሚሆነው መኪናውን አንዴም ነድተውት በማያውቁ ሰዎች ዋጋ ስለተለካ ነው።

መነዳት የመኪናን ክብር እንደማይቀንስ ማስረጃ የሚሆነኝ የጨረታ ሰዎቹ የራሳቸው ትልቅ ድል ነው። በ1968 ቡሊት የተሰኘው ፊልም ውስጥ ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገት ቁልቁለት የነዳው አረንጓዴ ማስታንግ በጥር 2020 ኪሲሚ ላይ ቀርቦ ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህን መኪና በ1974 የገዛው ሰው የከፈለው 6 ሺ ዶላር ነው። ማክዊን ራሱ በ1977 ሽጥልኝ ብሎ ደብዳቤ ጽፎለታል፤ አልሸጠለትም። መኪናውን ግን መጋረጃ አልጋረደበትም። ሚስቱ አስተማሪ ነበረችና ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው በእሱ ነው። በ1980 አካባቢ ፍሪሲዮኑ ሲያልቅ ጋራዥ ገባ፣ ኑሮ መጣ፣ እዚያው ቀረ። ወደ ጨረታው የመጣው ቀለሙ የተላጠ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ለፊልም ካሜራ ማሰሪያ የተበየደለት ብረት ከሥሩ እንዳለ ሆኖ፣ 65 ሺ ማይል ያህል ሄዶ ነው። ፊልሙ ባይኖር ያን ያህል አያወጣም ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ሆኖም አዳራሹ ያን ቀን ያጨበጨበለት ነገር በሌላው ቀን ሁሉ የሚኮንነውን ነው፦ የተበየደ፣ የተነዳ፣ ገበያ የወጣበት፣ የተማሪ ደብተር የተጫነበት መኪና።

ሌላ ዓይነት ስብሰባ አለ እኮ። ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ነሐሴ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ በዚያው በዉድዋርድ ጎዳና ባለመኪኖች ሁሉ ወጥተው በዝግታ ይነዳሉ። ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ ከተማ መንገዱ ይጨናነቃል፤ ራዲያተር ይፈላል፤ ሽማግሌዎች ታጣፊ ወንበር ይዘው ዳር ተቀምጠው እያንዳንዱን ሞተር በድምፁ ይለያሉ። እዚያ ገመድ የለም። የተቆረጠ ማርሚታ፣ የማይገጥም ቁጥር፣ ከአምስት መኪና የተሰበሰበ ካማሮ፣ ሁሉም አንድ ሰልፍ ላይ ነው። መኪናው የቆመ ሰው መንገድ ዳር ኮፈኑን ሲከፍት ሦስት ሰው ቁልፍ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ለትርኢት ዳኞች አንድ ሐሳብ አለኝ። ከሰም እርሳስ ምልክቱና ከቀለሙ ጠብታ በፊት አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ይህ መኪና ባለፈው ዓመት ስንት ማይል ሄደ? የዚያ ዘመን የማይል ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ስለነበረው 99,999 ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፤ ዜሮ የሚያሳይ ሰው ካለ ዞሮ እንደሆነ ወይም ጨርሶ ቆሞ እንደሆነ ይንገረን። በራሱ ጎማ ነድቶ የመጣ ከሆነ ከመንገዱ የያዘውን አቧራ ሳይጠርግ ይግባ፤ ትንኝ የተለጠፈበት መብራትም ነጥብ አያስቀንስበት። በተሳቢ የመጣው ደግሞ ሞተሩን አስነስቶ፣ ከግቢው ወጥቶ፣ የቅርቡ ማደያ ደርሶ ቤንዚን ሞልቶ ይመለስና ከዚያ ይዳኝ። ስንቱ እንደሚመለስ አብረን እናያለን።